ለዩሪያ ድንጋይ ከሰል ወይስ የተፈጥሮ ጋዝ?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦
የምሠራው አዳማ በሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መጋዘን ውስጥ ነው። ከጅቡቲ ተጭኖ የሚመጣውን ዩሪያ በተረከብን ቁጥር ከባልደረቦቼ ጋር አንድ ክርክር ይነሳል። ያዮ ላይ ድንጋይ ከሰል አለን፤ ከሰል ደግሞ በሚሰጠው ሙቀት ሲመዘን ብዙ ጊዜ ከጋዝ ይረክሳል ይባላል። ታዲያ በሶማሌ ክልል ጎዴ የሚገነባው የዩሪያ ፋብሪካ በጋዝ እንዲሠራ የታቀደው ለምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱን ደስ ይለናል።

መልስ 1 (ኬሚካል መሐንዲስ)፦
ስሌቱን ከሙቀት ሳይሆን ከሃይድሮጅን ቢጀምሩት ነገሩ ይገለጥልዎታል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ፣ አሞኒያ ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ነው። ለአሞኒያ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን በሁለቱም መንገድ ከአየር ስለሚገኝ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ሃይድሮጅኑ ነው። በጋዝ ውስጥ ያለው ሚቴን ከእንፋሎት ጋር እስከ መጨረሻ ሲለወጥ ለአንድ የካርቦን አቶም አራት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ይሰጣል፤ የከሰል ካርቦን ግን የሚሰጠው ሁለት ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከሰሉ ተቆፍሮ መፈጨት፣ አመዱ መወገድ፣ ድኙ መጣራት አለበት፤ ኦክስጅንን ከአየር የሚለይ ትልቅ ክፍልም ብዙውን ጊዜ ያስፈልገዋል። በዚህም የተነሳ የከሰል ፋብሪካ ለመትከል ከጋዙ እጅግ የበለጠ ካፒታል ይጠይቃል፤ ከሰሉ ርካሽ ቢሆን እንኳ ማሽኑ የተገዛበት ብድር ወለድ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ይጨመራል።

መልስ 2፦
የተባለው ትክክል ቢሆንም ጋዝ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። አንድ ቶን አሞኒያ 33 ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ) ያህል ጋዝ ይወስዳል። የአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ ዋጋ 3 ዶላር ከሆነ የጋዙ ወጪ ወደ 100 ዶላር ነው፤ 10 ዶላር ሲደርስ ግን 330 ይሆናል። በ2022 እ.ኤ.አ. የጋዝ ዋጋ ሲንር በአውሮፓ ብዙ የአሞኒያ ፋብሪካዎች ምርት የቀነሱት ወይም ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከሰል የተትረፈረፈላት ቻይና ደግሞ አብዛኛውን አሞኒያዋን የምታመርተው ከከሰል ነው።

መልስ 3፦
ለጎዴው ፋብሪካ የታሰበው፣ በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብና የሂላላ ጋዝ ከባሕር የራቀ ነው። ወደ ውጭ ለመሸጥ ረጅም ቧንቧ ወይም ጋዙን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ፋብሪካ ስለሚጠይቅ፣ እዚያው ለማዳበሪያ ማዋሉ በእኔ እምነት የተሻለ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ኩባንያ ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የተፈረመው ስምምነት በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካን ይመለከታል። አንድ ቶን ዩሪያ 0.58 ቶን ያህል አሞኒያ ስለሚፈልግ፣ የአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ ጋዝ ዋጋ በ1 ዶላር ሲጨምር የዩሪያው ወጪ በቶን 19 ዶላር ገደማ ይጨምራል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ በኩንታል ወደ 2 ዶላር መሆኑ ነው። ከአሁን በኋላ ለባልደረቦቼ የማነሳው ጥያቄ ጋዙ ለፋብሪካው በምን ዋጋ እንደሚቀርብና ከጎዴ አዳማ ድረስ ያለው የጭነት ኪራይ ምን ያህል እንደሚሆን ነው።