አስቸኳይ፦ ጓሮዬ ኩሬ ውስጥ ያሉት እንቁራሪቶች እየሞቱብኝ ነው

ቤዛ
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሐሙስ ዕለት ኩሬው ውስጥ ሁለት የሞቱ እንቁራሪቶች አገኘሁ። ትናንት ሦስት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልጄ ቀድሞኝ ወጥቶ "እማ፣ እግሯ ቀልቷል!" እያለ እየሮጠ መጣ። ሄጄ ሳይ አራት ሞተው ተንሳፍፈዋል። አንዷ ዳር ላይ ቁጭ ብላለች። በሕይወት አለች፣ ግን አጠገቧ ብደርስም አትዘልም። የቀሩትን አውጥቼ ኩሬ ያላት ጓደኛዬ ጋ ልወስዳቸው ነው። ከዚያ ውሃውን ደፍቼ ኩሬውን በበረኪና ልጠበው? ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ ስለምትወጣ ቶሎ መወሰን አለብኝ።

ሚሚ
አይዞሽ እህቴ። ጨው ጨምሪበት። የእኔ ዓሣዎች ታመው የዓሣ ሱቁ ሰውዬ ጨው ጨምሪ ብሎኝ ድነዋል። ሁለት እፍኝ ይበቃል።

ዘላለም
የት ነሽ? አዲስ አበባ ከሆንሽ መልሱ ሌላ ነው፣ አውሮፓ ከሆንሽ ሌላ።

ቤዛ
ይቅርታ፣ ለንደን ነኝ። ኩሬው ትንሽ ነው፣ ሁለት መታጠቢያ ገንዳ ቢያክል ነው። እንቁራሪቶቹን እኔ አልገዛኋቸውም፣ ራሳቸው የመጡ ናቸው። ይሄ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ዘላለም
ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተነፍታ የፈነዳችው እንቁራሪት ትዝ አለችኝ። ግን የምሬን ነው የምጠይቅሽ፦ ሆዳቸው ተነፍቷል ወይስ ከስተዋል? ቆዳቸው ላይ ቁስል አለ? ጣቶቻቸው ሙሉ ናቸው? አምና ጎረቤቴ ጋ እንዲህ ሆኖ የደወለላቸው ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት ይህን ነበር።

አትክልተኛው
እኔ በሽታ አይመስለኝም። ይሄ ሙቀት ነው። ሰሞኑን ለንደን እየነደደች ነው፣ ትንሽ ኩሬ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ አየር ያልቅበታል። የእኔም ኩሬ ውስጥ የካቲት ላይ በረዶው ሲቀልጥ ስድስት ሞተው አግኝቻለሁ፣ ምክንያቱ አየር ማጣት ነበር። ሰው ሁሉ ዛሬ ቫይረስ ቫይረስ ይላል። የውሃ ፓምፕ ግዢ፣ ይበቃል።

ቤዛ
ዘላለም፣ ለቀልድ ልብ የለኝም፣ ጥያቄህ ግን ጠቀመኝ። ሄጄ በደንብ አየሁ። አልተነፉም፣ እንዲያውም የዳሌ አጥንታቸው ወጥቷል። የአንዷ ጀርባ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ክብ ቁስል አለ፣ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታያል። ሌላዋ የኋላ እግሯ ሁለት ጣቶች የሉም፣ ድመት የነከሳት መስሎኝ ነበር። ትልቋ አፏ ላይ ደም አለ። የሁሉም የጭናቸው ውስጥ ቀይ ነው፣ እንደ ፀሐይ ቃጠሎ።

ሊያ
ቤዛ፣ እባክሽ አሁኑኑ አንብቢው። እዚሁ እንግሊዝ አገር የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ምንም ነገር ሳታደርጊ መጀመሪያ፦ እንቁራሪቶቹን ጓደኛሽ ጋ አትውሰጃቸው። አንዷንም። ጤነኛ የምትመስለውንም። ውሃውንም፣ ተክሉንም፣ ባልዲውንም።

የገለጽሽው ነገር ራናቫይረስ ከሚባለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የጓሮ ኩሬዎች ላይ እየታየ ያለ በሽታ ነው፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል። የሚገድለው በአብዛኛው በበጋ ነው፣ ውሃው ሲሞቅ። አዋቂዎቹን በጅምላ ይጨርሳል። በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ቆዳ ላይ ቁስል ያወጣል፣ ጣት እስኪቆረጥ ድረስ ይበላል። ሌላው ውስጥ ውስጡን ያደማል፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ ደም ይወጣል። አንዳንዷ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። መክሳትና መፍዘዝም አለው። ግን በዓይን ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ የሚያረጋግጠው ላብራቶሪ ነው።

አትክልተኛው ያለው በበረዶ ስር የሚደርሰው ሞት እውነት ነው። ነገር ግን የሚሆነው በክረምትና በጸደይ መግቢያ ነው፣ የሞቱትም ቁስል የላቸውም። ሙቀትና የአየር እጥረት ጣት አይቆርጥም።

ሚሚ፣ እህቴ፣ ጨው በፍጹም። እንቁራሪት በቆዳዋ ነው ውሃ የምትጠጣው፣ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ዓሣን የጠቀመ ጨው እሷን ያቃጥላታል።

ሚሚ
እኔ እኮ ትንሽ ጨው ነው ያልኩት። የእኔ ዓሣዎች እስከ ዛሬ አሉ።

ጋሽ ኃይሉ
ልጄ ቤዛ፣ እግዜር ያጽናሽ። እኔ ባዮሎጂ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፣ ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ እንቁራሪትን የሚፈጁ ትላልቅ ተላላፊ በሽታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ሊያ ያለችው ነው። ሌላው ካይትሪድ የሚባለው የቆዳ ፈንገስ ነው። በፓናማና በአውስትራሊያ ጫካ እንቁራሪቶችን እየጨረሰ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ሆነ፣ በ1999 ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። ቆዳቸውን ያወፍረዋል፣ ሶዲየምና ፖታሲየም በቆዳቸው ማለፍ ያቅተዋል፣ በመጨረሻ ልባቸው ቀጥ ይላል። በ2019 የታተመ ጥናት 501 ዝርያዎች በዚህ ፈንገስ ምክንያት እንደተመናመኑ፣ ከእነሱም 90ዎቹ ከምድር እንደጠፉ የሚገመት መሆኑን አስቀምጧል። በአገራችንም ተገኝቷል። የባሌ ተራሮችና የሐረና ጫካ ሌላ የትም የማይገኙ እንቁራሪቶች አሏቸው፣ የእኔ ሐሳብ እነሱ ላይ ነው። ፈንገሱ እንዲህ ዓለምን የዞረው በሰው እጅ ነው፣ በእንስሳት ንግድ። እናም...

ቤዛ
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ በኋላ በእርጋታ አነባለሁ። አሁን የእኔ የትኛው ነው?

ጋሽ ኃይሉ
ልክ ነሽ ልጄ፣ ረዘመብኝ። ካይትሪድ ቀዝቃዛ ይወዳል፣ ቁስልና ደምም ብዙ አያሳይም። ያንቺ ሊያ እንዳለችው ነው የሚመስለው። እሷን ስሚ።

ተድላ
እኔ አልገባኝም። የዱር እንስሳ ናቸው አይደል? ይሙቱ፣ ተፈጥሮ ነው። ይልቅ ልጅሽን አርቂ፣ ሰው ላይ የሚተላለፍ ከሆነስ?

ሊያ
ሰው ላይ አይተላለፍም፣ ውሻና ድመት ላይም አይተላለፍም። እንቁራሪት፣ ጓጉንቸርና የመሳሰሉትን፣ ዓሣና እንደ እባብ ያሉ ደመ ቀዝቃዛዎችን ነው የሚይዘው። ሆኖም እንቁራሪት ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ስለምትችል ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ይሄ ሁልጊዜም ነው።

"ይሙቱ" ላልከው ግን ተድላ፣ አልስማማም። በ1996 እና በ1997 የተቆጠሩ ኩሬዎች በ2008 እንደገና ሲታዩ፣ በሽታው በተመላለሰባቸው ውስጥ የአዋቂ እንቁራሪት ቁጥር ወደ 80 በመቶ ገደማ ወርዶ ነው የተገኘው። ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላ ጓሮ የሚያደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛው ነን። የሚያሳዝነው እሱ ነው። ደግ ሰው ነው የሚያዛምተው።

ቤዛ፣ በእርጋታ ልንገርሽ። የሞቱትን ጓንት አድርገሽ ልቀሚ፣ መጀመሪያ ግን ጀርባቸውንም ሆዳቸውንም ፎቶ አንሺ። ሬሳው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቫይረሱን ይረጫል፣ ሌሎቹም ይበሉታል፣ ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት ማታ እያየሽ አንሺ። ያልበሰበሱ ሁለት ሦስቱን በድርብ ፌስታል አስረሽ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ። የምግብ ፍሪጅ ውስጥ አይሁን። ከዚያ ጋርደን ዋይልድላይፍ ሄልዝ ለሚባለው ሪፖርት አድርጊ፣ የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበርና ሌሎች በጋራ የሚሠሩት ነው። ናሙና ከፈለጉ እንዴት እንደምትልኪ ይነግሩሻል። የቀሩትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪ፣ የለንደን ቀበሮ ቆፍሮ እንዳያወጣቸው።

ኩሬውን አትድፊው፣ በረኪናም እንዳይነካው። ውስጡ ያለውን ሌላ ሕይወት ሁሉ ትገያለሽ፣ ውሃውም የትም ፈሶ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። በረኪናው ለመረቡ፣ ለባልዲውና ለቦት ጫማሽ ነው። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከኩሬው ራቅ ብለሽ ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊ፣ በደንብ አለቅልቂ፣ ፀሐይ ላይ ክው እስኪል አድርቂው።

ቤዛ
እያለቀስኩ ነው የማነበው። ያቺ ዳር ላይ ያለችውስ? መድኃኒት የለም?

ሊያ
ለዱር እንቁራሪት የሚሰጥ መድኃኒት የለም እህቴ። እንዲህ የደረሰች ስቃይ ላይ ናት። አቅራቢያሽ ላለ የእንስሳት ክሊኒክ ደውዪና የታመመ የዱር እንስሳ አለኝ በያቸው። ብዙዎቹ ለዱር እንስሳ አያስከፍሉም፣ ግን ቀድመሽ ጠይቂ። ወይ አርኤስፒሲኤ ለሚባለው የእንስሳት ረድኤት ድርጅት ደውዪ። ስትይዣት ጓንቱን በኩሬው ውሃ አርጥቢው። ቀዳዳ ያለው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አድርጊና አስቀምጫት፣ ጥላ ቦታ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘንድሮ ከሌላ ቦታ የመጣ ነገር አለ? ተክል፣ እንቁላል፣ ዓሣ?

አትክልተኛው
አሁንም ፓምፕ ይጠቅማል ባይ ነኝ። የሊያን ግን አነበብኩ። እኔም የካቲት ላይ የሞቱብኝን ቁስል አለባቸው ብዬ አላየሁም ነበር፣ አንስቼ ጣልኩ እንጂ።

ቤዛ
ሊያ፣ አዎ። ምንም አልመሰለኝም ነበር እኮ። መጋቢት ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከኩሬዋ እንቁላል ሰጠችኝ፣ ያ እንደ ጄሊ የተያያዘው። ከነውሃው በባልዲ፣ ትንሽ የውሃ ተክልም ነበረበት። ልጄ ሲፈለፈሉ እንዲያይ ብዬ ነው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ነበር የሚሮጠው። እግር ሲያወጡ ቆጥሯቸዋል። እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው ማለት ነው?

ሊያ
በዚያ ነው የመጣው ብሎ አሁን መናገር አይቻልም። እንቁራሪት ራሷም ከጓሮ ጓሮ ትሄዳለች። ግን በሽታው የሚጓዘው በእንዲህ ዓይነት ባልዲ ነው፣ ስለዚህ ባልደረባሽን ጠይቂያት፣ እሷ ጋም ሞተው ይሆናል። ራስሽን አትውቀሺ። ኩሬ ተቆፍሮ ውሃ ከገባበት እንቁራሪት አካባቢው ካለች ራሷ ትመጣለች፣ እንቁላል መውሰድ አያስፈልግም። ይህን ቀድሞ የነገረሽ ሰው የለም፣ የልጅሽ ደስታም እውነተኛ ነበር።

ሌላም ልጨምር። ኩሬው አጠገብ የቀንድ አውጣ መርዝና የአረም መድኃኒት አትጠቀሚ። በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት፣ እነዚህ ያሉበት ጓሮና ከሱቅ የተገዛ ዓሣ ያለበት ኩሬ ላይ ሞቱ ይከፋል። ውሃ ካነሰ የዝናብ ውሃ ጨምሪ። ጥላ የሚሆን ቅጠልና የእንጨት ክምር ተዪላቸው። አንዳንድ ኩሬ ላይ በሽታው አንድ ዓመት መጥቶ ይጠፋል፣ የተረፉት ይራባሉ።

ጋሽ ኃይሉ
ሊያ፣ የተባረክሽ ልጅ ነሽ።

ሚሚ
እሺ፣ ጨውን ትቻለሁ። ግን ጓደኛዋ ጋ ሄደው ቢሆን ኖሮስ? እኔም እኮ ውሰጃቸው ልላት ነበር።

ቤዛ
ሁሉን አደረግኩ። ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኳት። ፎቶዎቹን ልኬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ሦስቱ በፌስታል ዕቃ ቤቱ ውስጥ ናቸው፣ ስድስቱን ከጽጌረዳው ስር ክርኔ እስኪደርስ ቆፍሬ ቀበርኩ። ያቺን ክሊኒክ ወሰድናት። ልጄ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ መኪናው ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። ነርሷ ስትቀበለው "ቀዝቃዛ እጅ ያለው ሰው ይያዛት፣ ሙቅ እጅ ያማታል" አላት። ከየት እንደሰማው አላውቅም። ውጤቱ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።

ዘላለም
ቤዛ፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ምን አሉሽ? ሌሎቹስ ተረፉ?

ዘላለም
ቤዛ?

ሄለን
ይቅርታ፣ የሰው ጥያቄ ስር ነው የምጽፈው። ማንቸስተር ነኝ። ዛሬ ጠዋት እኔም ኩሬዬ ውስጥ ሁለት አገኘሁ፣ አንዱ ሆዱ ስር ቀይ ነው። ባለፈው ወር የውሃ ተክል ከሰው ወስጃለሁ። ሊያ፣ ካለሽ እባክሽ።

ሊያ
አለሁ ሄለን። ከተክሉ ቆርጠሽ ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?