የላይብረሪ ስብሰባ ክፍል ነገር ግራ ገብቶኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን ፊደል የምናስተምርበት ቦታ አጥተን በእህቴ የላይብረሪ ካርድ የሰፈራችንን ላይብረሪ ስብሰባ ክፍል ያዝኩ። ነፃ ነው። ከዚያ ለደብተርና ለዳቦ ብለን ከየቤቱ አምስት አምስት ዶላር እንደምናዋጣ ከአፌ አምልጦኝ ለላይብረሪው ሠራተኞች ነገርኳቸውና ክፍሉ ውስጥ ገንዘብ መሰብሰብ ክልክል ነው ብለው ሰረዙብኝ። መዋጮ እኮ ንግድ አይደለም! ውጭ ሰብስበን ብንገባስ ያስኬዳል?

ደግሞ ዋይፋዩ ያለ ላይብረሪ ካርድ በስልኬ ይሠራል፣ ኮምፒውተራቸው ግን የካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ የራሴን ላውጣ ስል አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ተባልኩ፣ እህቴ ቤት ስለምኖር በስሜ የሚመጣ ቢል የለኝም (ስልኬም በሷ ስም ነው)። የባንክ ደብዳቤ ይቀበላሉ? የደረሰበት ሰው ይንገረኝ፣ ቅዳሜ ደርሷል።