ዋይፐሬ ዓይኔ ፊት ያለውን ብቻ አይጠርግም

ሰላም ወገን፣ ይሄ ዝናብ ጉድ ሳይሠራኝ እርዱኝ።

መኪናዬ 2003 ሞዴል ኮሮላ ናት። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ የዋይፐሮቹ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሐምሌ ሲገባ አዲስ ገዛሁ። ሻጩ "ሁለቱም እኩል ናቸው" ብሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ አሮጌዎቹን በሜትር ስለካቸው የሾፌሩ 60፣ የጋቢናው 40 ሳንቲም! የጋቢናውን መልሼ አስቀየርኩ።

የሾፌሩ ክንድ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፤ አዲሱ ቀጭ ብሎ ገባ። ግን ጭራሽ ባሰበት። ሲሄድ ይጠርጋል፣ ሲመለስ እየዘለለ ግርርር ይላል። ልክ ዓይኔ ትክክል ላይ መዳፍ የሚያህል ጭጋግ ትቶ ያልፋል። ትናንት ማታ ከመገናኛ ሲኤምሲ አንገቴን እንደ ሰጎን አስግጌ ነው የነዳሁት። ሚስቴ ሳቀች፣ ልጆቹ ግን ፈሩ።

መስታወቱን በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ጎረቤቴ "ጎማውን በናፍጣ እሸው" ይላል። ጎማውን ይበላብኛል ብዬ እምቢ አልኩ።

ችግሩ የጎማው ነው ወይስ ክንዱ ተጣሞ? በፒንሳ ትንሽ ጠምዘዝ ባደርገውስ? ስፕሪንጉ ኃይለኛ ነው፤ አምልጦኝ መስታወቱን እንዳይሰብረው እፈራለሁ። የደረሰበት ሰው ካለ በናታችሁ።