የዕቅድ ውይይት፦ የሆልስ ቀይ ኮቶችና የብሬንትፎርድ ጉዟችን

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለኅዳሩ የታሪክ ጉዞ የተዘጋጀው ረቂቅ እነሆ። የፓርላማ አባሉ የዴንዚል ሆልስ እግረኛ ክፍለ ጦር በ1642 አጋማሽ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ጋር ጦር ሲማዘዝ፣ በአብዛኛው ከለንደን የእጅ ሙያ ተለማማጆች ተመልምሎ ቀይ ኮት ለበሰ፤ ኦክቶበር 23 ኤጅሂል ላይ ተዋጋ፤ በሃያኛው ቀን፣ ኖቬምበር 12፣ ከለንደን በስተ ምዕራብ ባለችው በብሬንትፎርድ ከተማ ላይ ለንደንን አድኖ ወደቀ። ከብሬንት ወንዝ ድልድይ ተነሥተን፣ ወደ ለንደን በሚወስደው አቅጣጫ ባለው ሜዳ በተርንሃም ግሪን እንጨርሳለን።

አንድ አባል፦ «ክፍለ ጦር» የሚለው ቢቀር እመርጣለሁ፤ አንባቢያችን ብዙ ሺህ ሰው ይታየዋል፣ ይህ ግን በወረቀት ላይ እንኳ 1,200 ሰው ብቻ ነበር። «ሬጅመንት» ይባል። «ለንደንን አድኖ» የሚለውም ተጋኗል። የንጉሡ የእኅት ልጅና የጦር አዛዥ የልዑል ሩፐርት ጦር በጉም ተሸፍኖ ሲመጣ የሆልስ ሰዎች መንገድ ዘግተው ተከላከሉ፤ ሌላው የፓርላማ ጦር፣ የሎርድ ብሩክ ሬጅመንትም ደርሶላቸው ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻ ተሰብረው ብዙዎቹ ሲሸሹ ቴምዝ ውስጥ ሰጠሙ፣ ብሬንትፎርድም ተዘረፈች። ንጉሡን የመለሰው በማግስቱ ተርንሃም ግሪን ላይ የተሰለፈው 24,000 ያህል ሕዝብና ወታደር ነው። የሬጅመንቱ ድርሻ ጥቂት ሰዓት ማስገኘቱ ነው፤ ለኔ እሱም አያንስም።

ሌላ አባል፦ በጋሼ አስተያየት እስማማለሁ። በኋላ በፖለቲካ ጽሑፎቹ የታወቀው ጆን ሊልበርን በዚያ ቀን መማረኩም ይነገር፣ ግን የብሩክ መኮንን እንጂ የሆልስ እንዳልነበረ ይጠቀስ። ደግሞ እንግሊዞች ያን ጊዜ የሚቆጥሩት በጁሊያን አቆጣጠር ስለነበር ቀኑ በእኛ ኅዳር 16 ቀን 1635 ዓ.ም.፣ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ የጉዞውን ቀን በዚህ ብንቆርጥ አባላት አይረሱትም። ብሬንትፎርድ ዋና መንገድ ላይ ባለው የድንጋይ ዓምድም ጥቂት እንቁም፤ እንግሊዞች ከዴንማርኩ ክኑት ጋር የተዋጉበት የ1016ቱ ጦርነትና የ1642ቱ እዚያው አንድ ላይ ተቀርጸዋል።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። «ለንደንን አድኖ» የሚለው «ለንደን እንድትሰለፍ ጥቂት ሰዓት አስገኝቶ» በሚል ተተክቷል። ሆልስ ራሱ ንጉሡ ፓርላማ ገብቶ ሊይዛቸው ከሞከራቸው አምስት የምክር ቤት አባላት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ወዲያው ዕርቅ ፈላጊ መሆኑን በአንድ አንቀጽ አክላለሁ። በኅዳር ቶሎ ስለሚመሽ መነሻችን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይሁን፤ ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።