55 ኢንች ቲቪ በጂፕሰም ግድግዳ ላይ፦ ቋሚው እንጨት ሳይሆን ቀጭን ላሜራ ሲሆን እንዴት ይታሰራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ባለሙያዎች። ግድግዳው 12.5 ሚሊ ጂፕሰም ቦርድ ነው፤ ከኋላው ያሉት ቋሚዎች የላሜራ ሲሆኑ በየ60 ሴንቲው ቆመዋል። ቲቪው 19 ኪሎ ይመዝናል። መስቀያው ባለክንድ ነው፣ ወደፊት 50 ሴንቲ ይወጣል። አብረውት የመጡት 8 ሚሊ የእንጨት ቪቴዎች ናቸው። በእነሱ ቋሚው ላይ ባስረው ይይዛል?

ትራፓኖ፦
አይይዝም፤ እነዚያን ቪቴዎች ይተዋቸው። የእንዲህ ዓይነቱ ቋሚ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ነው። የ8 ሚሊ የእንጨት ቪቴ ጥርስ ከጥርስ ያለው ርቀት ግን ከ3 ሚሊ በላይ ስለሆነ አንድ ሙሉ ጥርስ እንኳ አይነክስም። ሲጠብቅ ባዶውን ይዞራል፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ በዚያ ቦታ ሌላ ነገርም ለማሰር አይመችም።

የሚያስፈልግዎ ቶግል ነው፤ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከላሜራው ጀርባ የሚጋደም የብረት ምላስ ያለው 6 ሚሊ ብሎን። ብዙዎቹ 13 ሚሊ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ምላሱ በፕላስቲክ ማሰሪያ የሚያዝ ዓይነት ቢገዙ ይሻላል። ባለስፕሪንጉ ብሎኑ በተፈታ ቁጥር ክንፉ ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል።

ውሃልክ፦
ከቶግሉ በፊት ክንዱን አስብበት ወንድሜ። ቲቪው ከግድግዳው 10 ሴንቲ ላይ ሲሆንና የመስቀያው የላይና የታች ብሎኖች በ20 ሴንቲ ሲራራቁ፣ የላይኞቹ ላይ የሚያርፈው ወደ ውጭ የሚስብ ኃይል 9.5 ኪሎ ገደማ ነው። ክንዱን 50 ሴንቲ ስትዘረጋው ያው ቲቪ ወደ 48 ኪሎ ይስባል፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ቲቪውን የማዞር ግዴታ ከሌለብህ ግድግዳው ላይ ተጠግቶ የሚቀመጠውን መስቀያ ምረጥ። ምርጫው የአንተ ነው፤ እኔ ግን ባለክንዱን በአንድ የላሜራ ቋሚ ላይ ብቻ እሰር አልልህም።

ጠያቂ፦
ማዞሩ የግድ ያስፈልገኛል። የመስቀያው ሳህን ስፋት 40 ሴንቲ ስለሆነ ደግሞ ሁለቱን ቋሚዎች አይደርስም።

ውሃልክ፦
እንግዲያው ኮምፔንሳቶ አስገባበት። ውፍረቱ 18 ሚሊ፣ ስፋቱ 75 ሴንቲ፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ይሁን፤ ሁለት ቋሚ ይይዛል፣ ከቲቪውም ኋላ ይደበቃል። በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ አራት ቶግል፣ በጠቅላላው ስምንት። ብሎኑ ኮምፔንሳቶውን፣ ጂፕሰሙንና ላሜራውን አልፎ ምላሱን መያዝ ስላለበት ከ50 እስከ 60 ሚሊ ርዝመት ያለው ይበቃል፤ ጂፕሰሙ ድርብ ከሆነ 12.5 ሚሊ ጨምርበት። ከእያንዳንዱ የብሎን ራስ ሥር ሰፊ ሮንዴላ አስገባ።

ሰዎች የሚስቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። መስቀያውን ኮምፔንሳቶው ላይ በእንጨት ቪቴ አትሰር፤ 18 ሚሊ እንጨት ለዚህ ሥራ ትንሽ ነው። ኮምፔንሳቶው ግድግዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት የመስቀያውን ቀዳዳዎች አትምበትና ከጀርባው ባለጥፍር ዳዶ እየመታህ አስገባ። የዳዶው ጠርዝ ከእንጨቱ ወለል እኩል እንዲሆን ትንሽ ቆፍረህ አስቀብረው፤ አለበለዚያ ኮምፔንሳቶው ጂፕሰሙ ላይ አይተኛም። ከፊት የምታስገባው ብሎንም ከዳዶው እንዳያልፍ አስቀድመህ ሞክረው።

ማግኔት፦
የቋሚውን መሃል ማግኘት ላይ ልጨምር። ማግኔት ግድግዳው ላይ ስታንሸራትት ጂፕሰሙን የያዙት ቪቴዎች ላይ ይጣበቃል፤ ከላይ እስከ ታች ብዙ ነጥብ ምልክት አድርግ። ሁለት ጂፕሰም የሚገናኝበት ቋሚ ላይ ግን ቪቴዎቹ በሁለት መስመር ስለሚወርዱ መሃሉ በመካከላቸው ነው። እርግጠኛ ለመሆን ኮምፔንሳቶው በሚሸፍነው ቦታ በ2 ሚሊ ፑንታ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠጋጋህ ብሳው፤ ላሜራ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ታገኛለህ። 13 ሚሊ ቀዳዳ ከመሃል ከወጣ ወይ ጠርዙን ይቀድደዋል፣ ወይ ምላሱ ከቋሚው ጎን ጋር ተጋጭቶ አይጋደምም። ምላሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘርጋ እንጂ ወደ ጎን አይሁን።

ትራፓኖ፦
አበሳሱን ልንገርዎ። የድንጋይ ፑንታ ላሜራ አይቆርጥም፣ የብረት ይግዙ፤ ትራፓኖውም መዶሻው ይጥፋ። መጀመሪያ በ4 ሚሊ፣ ከዚያ በ13 ሚሊ፣ በዝግታ። ላሜራው ሲበሳ ፑንታው በድንገት ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ስለዚህ ከጫፉ 20 ሚሊ ላይ ቴፕ ይጠቅልሉና እዚያ ሲደርሱ ያቁሙ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የእነዚህ ቋሚዎች ጎን አስቀድሞ የተበሳው ገመድ እንዲያልፍበት ነው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትይዩ ወደ ላይና ወደ ታች አይብሱ፤ ብሬከሩን አጥፍተው በቴስተር ያረጋግጡ። ምላሱ ገመድ ከላሜራው ጋር ቢያጣብቀው ቋሚው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ብሎኑን እስከ መጨረሻው በትራፓኖ አያጥብቁ፤ የመጨረሻው ዙር በእጅ ካቻቢቴ ነው። ኮምፔንሳቶው ጂፕሰሙን እየጫነ መስመጥ ሲጀምር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጂፕሰሙ ይፈጫል፣ ብሎኑም መልሶ ይላላል።

ጠያቂ፦
አንድ ቋሚ ላይ ገመድ ካጋጠመኝ፣ እዚያ በኩል ቶግሎቹን ከቋሚው ውጭ ጂፕሰሙ ላይ ብቻ ባስራቸውስ?

ውሃልክ፦
ለባለክንድ አይሆንም። ጂፕሰሙ ብቻውን ክንዱ በተዘረጋና በተሰበሰበ ቁጥር በቀዳዳው ዙሪያ ይፈርሳል። ኮምፔንሳቶውን አስረዝመህ ቀጣዩን ቋሚ ያዝ፤ 1 ሜትር ከ35 ካደረግከው ሦስት ቋሚ ይደርሳል፣ ገመድ ያለበትን መሃለኛውን ትዘለዋለህ። ሁለቱ ጫፎች አራት አራት ቶግል ይኑራቸው። ቲቪውን ከመስቀልህ በፊት ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግተህ ጫፉን በእጅህ ወደ ታች ጫነው፤ የኮምፔንሳቶው የላይኛው ጠርዝ ከግድግዳው በጥቂቱም ቢሆን ከራቀ ፈትተህ ምላሶቹን እንደገና አጋድማቸው።