«ፌቨን» ምን ማለት ነው? ስማቸው እኛ ቤት የቀረ የግሪክ አማልክት

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ሴት ልጅ ተገላግላ «ፌቨን» ብላታለች። ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነው። አንድ ጎረቤት ለእናታችን «የግሪክ ጣዖት ስም ነው እኮ» ብሏቸው ሰሞኑን እንቅልፍ አጥተዋል። ትርጉሙን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ቀለም ቀመስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። እናትሽ ይረጋጉ፤ ጎረቤታችሁ የነገራቸው ግማሹን ነው። ፌቨን ማለት የመጽሐፍ ቅዱሷ ፌቤን ናት። ሮሜ 16፥1 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ «እኅታችን» ብሎ አደራ የሚልላት ሴት። በቆሮንቶስ ወደብ፣ በክንክራኦስ የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን ታገለግል ነበር። መልእክቱን ወደ ሮም ያደረሰችው እሷ እንደሆነች የሚናገሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው።

ሌላው ግማሽም እውነት ነው። ቃሉ በግሪክኛ «ብሩህ» ማለት ነው፤ ከክርስትና በፊት የአንዲት አምላክ ስም ነበር። ይህቺ ፌቤ ከአማልክቱ ንጉሥ ከእነ ዜውስ በፊት ከነበሩት የጥንት አማልክት፣ ከቲታኖች ወገን ናት። አባቷ ሰማይ፣ እናቷ ምድር። ልጇ ሌቶ አፖሎንና አርጤምስን ወለደች። ኤፌሶን ላይ ሕዝቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ታላቅ ናት» እያለ የጮኸላት አርጤምስ እንግዲህ የፌቤ የልጅ ልጅ ናት።

ስለ ፌቤ የተነገረ ታሪክ ጥቂት ነው። እኔ የምወደው አንዱን ነው። ዴልፊ ላይ የነበረው ታዋቂው የትንቢት ቦታ መጀመሪያ የአፖሎ አልነበረም። ባለ ቅኔው ኤስኪለስ እንደሚለው ከምድር ወደ ልጇ ወደ ቴሚስ፣ ከቴሚስ ወደ ፌቤ አለፈ። ፌቤ ደግሞ ለልጅ ልጇ የልደት ስጦታ አድርጋ ሰጠችው። እሱም ቦታውን ብቻ አይደለም የወሰደው፤ ስሟንም ጨምሮ «ፌቦስ አፖሎ» ተባለ። አያቲቱ ተረሳች፣ የልጅ ልጁ ነገሠ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን እርስዎ «ፌቤ» እያሉ ነው። የእኛዋ «ን» ከየት መጣች?

ቀለም ቀመስ፦ ጎበዝ! እዚህ ቤት የሚጠየቀው እንዲህ ያለው ነው። ግሪክኛ ስም ተሳቢ ሲሆን መጨረሻው ይለወጣል። «ፌቤ መጣች» ይላል፤ አደራ ሲልላት ግን «ፌቤን»። እኛ ጋ የደረሰችው በተሳቢው መልክ ነው። በዚያ ላይ የአማርኛው መጽሐፍ የራሳችንን «ን» ደርቦ «ፌቤንን» ይላታል። ብቻዋን አይደለችም። ሐዋርያት ሥራ 14 ላይ የልስጥራን ሰዎች በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» አሏቸው። ድያ ዜውስ ነው፣ ሄርሜን ሄርሜስ ነው። ሁለቱም ተሳቢዎች ናቸው።

ቆቅ፦ ወዳጄ፣ አሁን ደግሞ ሁሉንም ስም ግሪክ ልታደርገው ነው። ቀጥሎ ዲዮስቆሮስም ጣዖት ነው እንዳትለን።

ቀለም ቀመስ፦ አባታችን ዲዮስቆሮስማ በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ለሃይማኖቱ ሲል የተሰደደው ፓትርያርክ ነው። ስሙ ግን «የዜውስ ልጅ» ማለት ነው፣ ምን ላድርግህ? ሐዋርያት ሥራ 28፥11ን ግለጥ። ጳውሎስ ከመላጥያ ደሴት የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ «የዲዮስቆሮስ አላማ ነበረበት» ይላል፤ አላማ እዚህ ምልክት ማለት ነው። እዚያ ዲዮስቆሮስ የተባሉት መንትዮቹ ካስቶርና ፖሊዴውኬስ ናቸው። አንዱ ሟች፣ አንዱ የማይሞት። ካስቶር ሲገደል ወንድሙ «ያለ እሱ አልኖርም» አለ። ዜውስ ዘላለማዊነቱን ለሁለት ከፈለላቸው፤ አንድ ቀን ሙታን መንደር፣ አንድ ቀን ከአማልክት ጋር። በማዕበል ጊዜ ምሰሶ ጫፍ ላይ የሚታየውን ብርሃን ባሕረኞች «መጡልን» ይሉት ነበር። መርከብ ላይ መሣላቸው ለዚህ ነው።

ነርሷ፦ እኔ ደግሞ የሥራዬን ልጠይቅ። ፋርማሲ ላይ የሚሣለው ዋንጫና እባብ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ይገናኛል?

ቀለም ቀመስ፦ በደንብ እንጂ! ዋንጫው የሂጊያ ነው። «ሃይጂን» የምትሉት ቃልም ከሷ ነው የመጣው። የሕክምናው አምላክ የአስክሊፒዮስ ልጅ ናት። ሐውልቷ ላይ እባብ ከሳህን ስታበላ ወይም ስታጠጣ ትታያለች። እህቶቿን የሚያስታውሳቸው የለም፦ ፓናኬያ «ሁሉን ፈዋሽ»፣ ኢያሶ «ማገገም»። ጥንታዊው የሐኪሞች መሐላ፣ የሂፖክራጠስ መሐላ፣ ሲጀምር አፖሎን፣ አስክሊፒዮስን፣ ሂጊያንና ፓናኬያን ነው ምስክር የሚጠራው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ግሪኮችም እንደኛው በጤና ሰላምታ ይሰጣጡ ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ደራሲ ሉኪያኖስ አንድ ቀን በጠዋት ትልቅ ሰው ሊሳለም ሄደ። በጠዋት የሚባለው «ኻይሬ» ነው፣ «ደስ ይበልህ»። መልአኩ እመቤታችንን «ደስ ይበልሽ» ያለበት ቃል ራሱ። ሉኪያኖስ አፉን አዳልጦት «ሂጊያይኔ» አለ፣ «ጤና ሁን»። ይሄ የማታ ወይም የስንብት ነው። ሰው ጉድ አለ። ግማሹ «አርጅቷል»፣ ግማሹ «የትናንቱ መጠጥ አልለቀቀውም» አለ። እሱ ቤቱ ገብቶ ጤናን መመኘት ከደስታ እንደሚበልጥ የሚከራከር ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ለአንዲት የአፍ ወለምታ!

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ ጌም ሲጫወት «ኔመሲስ» የሚል ይሰማል። ጠላት ማለት ነው አለኝ። እሷም አምላክ ናት?

ቀለም ቀመስ፦ ናት። «ቀንደኛ ጠላት» የሚለው በኋላ የመጣ ፍቺ ነው። እኔ «ጡር» ብዬ ነው የምተረጉማት። ማራቶን አጠገብ ራምኑስ በሚባል ቦታ መቅደስ ነበራት። ተጓዡ ፓውሳኒያስ እንዲህ ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ፋርሶች ማራቶን ሲወርዱ አቴናን በእጃቸው እንዳለች ቆጥረዋት ነበር። ለድል ሐውልት የሚሆን የፓሮስ እብነ በረድ ሳይቀር ጭነው መጡ። ተሸነፉ። አቴናውያንም ያንኑ ድንጋይ ጠርበው የኔመሲስን ሐውልት አወጡበት።

ቆቅ፦ ታሪኩ አሪፍ ነው፣ ትርጉሙን ግን አልቀበልም። ጡር ደካማ ሲበደል ነው። ድሃ አደግ ስታስለቅስ ነው ጡር የሚመጣብህ። እነዚህ ሰዎች ገና ምንም አልበደሉም፤ ጉራ ነው የነፉት።

ነርሷ፦ ቆቅ እውነቱን ነው ጋሼ። እናቴ «የእጁን ይስጠው» ትል ነበር። ያ አይሻልም?

ቀለም ቀመስ፦ ተሸነፍኩ። ኔመሲስ የመጣችው «ኔሜይን» ከሚል ግሥ ነው፤ ማደል፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን መስጠት ማለት ነው። «የእጁን ይስጠው» ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጣታል። ትሰጣለች፣ የምትሰጠውም የራሱን የሰውየውን ነው። ከአቅሙ በላይ ለተንጠራራም፣ ለበደለም ይሠራል።

ቆቅ፦ በል እሺ። የኔን አያት ስም ብቻ ተውልኝ። ኒቆዲሞስ ነው።

ቀለም ቀመስ፦ ይቅርታህን፣ እሱም አልተረፈም። «ኒቄ» ድል ነው፣ «ዴሞስ» ሕዝብ፤ የሕዝብ ድል። ኒቄም አምላክ ናት። እናቷ ስቲክስ፣ የሙታን አገር ወንዝ። ወንድሞቿና እህቷ ቅናት፣ ሥልጣንና ጉልበት። ድል ከማን ጋር እንዳደገች ልብ በል። አብዛኛውን ጊዜ በክንፍ ነው የምትሣለው። አቴናውያን ግን የከተማቸው ኮረብታ፣ አክሮፖሊስ ላይ ክንፍ የሌላት አቁመው ነበር። ፓውሳኒያስ ምክንያቱን ሲናገር፣ በርራ ወደ ሌላ እንዳትሄድባቸው ነው ይላል።

ቆቅ፦ ናይኪ ጫማ ላይ ያለውስ?

ቀለም ቀመስ፦ ያው እሷ ናት። ድርጅቱ ስሙን ከሷ ወስዷል፤ ያ ጭረት ክንፏ ነው ይባላል። እነሱ መብረሯን አልፈሩም።