ከቺቪታቬኪያ ወደብ ወደ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ፦ ከአረጋውያን ወላጆች ጋር በባቡር ወይስ በመኪና?

ጥያቄ፦ ተጓዥ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው የፈረንጆች ጥቅምት ወላጆቼን ለሰባት ሌሊት በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በመርከብ ላዝናናቸው አስቤ ቦታ ይዣለሁ። አባቴ 76፣ እናቴ 70 ዓመታቸው ነው። እናቴ ብርቱ ናቸው፤ አባቴ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ ከዘራ አይሄዱም፣ ደረጃም ይከብዳቸዋል። እነርሱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከዋሽንግተን ተነሥተን ሮም ፊውሚቺኖ እንገናኛለን። መርከቡ የሚነሣው ግን ከሮም ከተማ ሳይሆን ቺቪታቬኪያ ከሚባለው ወደብ መሆኑን የተረዳሁት ትኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ነው።

እስካሁን ያወጣሁት ዕቅድ የሚከተለው ነው፤ ሰዓቱን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። መርከቡ ከቀኑ 11 ሰዓት ስለሚነሣ፣ በዚያው ዕለት ጠዋት ፊውሚቺኖ ደርሰን በባቡር ወደ ሮም ዋና ጣቢያ ወደ ተርሚኒ፣ ከዚያም በሌላ ባቡር ወደ ወደቡ እንሄዳለን። በመመለሻው ቀን መርከቡ ንጋት 12 ሰዓት ወደብ ይደርሳል፤ የእኔ በረራ ረፋድ 5፡30፣ የወላጆቼ ደግሞ ማታ ነው። አራት ትልልቅ ሻንጣዎች ይኖሩናል። ባቡሩ ይሻላል ወይስ መኪና? በረራዬስ ይደርስልኛል? ወላጆቼን እስከ ማታ የት ላቆያቸው የሚለው ሐሳብ ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መልስ፦ ሃያ ዓመት በሮም

እህቴ፣ ለወላጆችዎ ያሰቡት ትልቅ ነገር ነውና እግዚአብሔር ያሳካልዎ። ጉዞው ከአስቸጋሪ ቦታ ስለሚጀምርና እዚያው ስለሚያበቃ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎት።

ቺቪታቬኪያ ከሮም በስተሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕሩ ዳር ያለ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ፊውሚቺኖ ደግሞ ከሮም በስተምዕራብ፣ እርሱም ከባሕሩ አጠገብ ነው። ሁለቱም በአንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ስለሚገኙ፣ መኪና ወደ ሮም መሃል ሳይገባ በኤ12 ፈጣን መንገድ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። በባቡር የሚሄድ ሰው ግን በቀጥታ የሚወስደው መስመር ስለሌለ ወደ ሮም ገብቶ መመለስ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተርሚኒ ዋናው ጣቢያ ስለሆነ የግድ በዚያ ማለፍ ያለበት ይመስለዋል። ሻንጣ ላለው ሰው ተርሚኒ አድካሚ ነው። ወደ ቺቪታቬኪያ የሚሄዱት ባቡሮች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከ25ኛው ሐዲድ ወዲያ ካሉት መሳፈሪያዎች ሲሆን፣ እነዚህ ከዋናው አዳራሽ ርቀው ወደ ውስጥ የገቡ በመሆናቸው አባትዎ በከዘራ የሚሄዱት መንገድ አይደለም።

በባቡር መሄድ ካለባችሁ የምትቀይሩት ትራስቴቬሬ ጣቢያ ላይ ይሁን። ከቺቪታቬኪያ የሚመጣው ኤፍ ኤል 5 የተባለው የክልል ባቡር እዚያ ይቆማል፤ ከዚያው ጣቢያ ወደ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ኤፍ ኤል 1 በሥራ ቀን በየ15 ደቂቃው፣ በእሑድና በበዓል በየግማሽ ሰዓቱ ያልፋል። የመጀመሪያው ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ሁለቱ ተደምረው ለአንድ ሰው ከ15 ዩሮ አይበልጡም። በተርሚኒ በኩል ሌዎናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቢያደርስም ዋጋው ብቻውን 14 ዩሮ ነው፤ ለእናንተም መንገድ ከማርዘም በቀር ጥቅም የለውም።

የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት መሳፈሪያው ላይ በቆመችው ትንሽ ማሽን አስገብታችሁ አስመቱት። ማሽኗ ቀኑንና ሰዓቱን ጫፉ ላይ ታትምበታለች። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪው «አላወቅሁም» የሚል መልስ ተቀብሎ ቅጣቱን ሲተው ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

አሁን ወደ መመለሻው ቀን ልምጣ። መርከቡ 12 ሰዓት ደረሰ ማለት ተሳፋሪ 12 ሰዓት ወረደ ማለት አይደለም። ወደቡ ፈቃድ ሰጥቶ ሰው መውረድ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ወደ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሻንጣውን በዋዜማው ማታ ለመርከቡ ሠራተኞች ያስረከበ ሰው ደግሞ ተራው እስኪደርስ ድረስ እስከ 3 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከወረዱ በኋላ በወደቡ ግቢ ውስጥ በእግር መሄድ ስለማይፈቀድ፣ ማመላለሻ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደተባለው መውጫ ያደርሳችኋል፤ ይህኛው በነፃ ነው። ከዚያ ባቡር ጣቢያው በእግር 20 ደቂቃ ያህል ስለሚርቅ፣ አራት ሻንጣ ይዛችሁ ጥቂት ዩሮ ከፍላችሁ ሌላ አውቶቡስ መሳፈር ሊኖርባችሁ ነው። ሁሉም ነገር ቢቃና 2 ሰዓት ላይ ባቡር ትይዛላችሁ፤ ፊውሚቺኖ የምትደርሱት ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በረራው ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲገኝ ይመከራል፤ ሻንጣ መቀበልም ከበረራው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ የ5፡30ው በረራ በባቡር አይደረስበትም ብዬ ልንገርዎት። በመኪና ሊደርሱበት ይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን መርከቡ በነፋስ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ወላጆችዎን አዳራሽ መሃል ላይ ጥለው መሮጥ ይመጣል። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ወደሚነሣ በረራ ይለውጡት።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ መሄጃው ቀን ነው። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከሁለት ዓመት በፊት ልክ እንደ እርስዎ በዚያው ቀን ጠዋት ፊውሚቺኖ አረፍኩ። አውሮፕላኑ የዘገየው 40 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሻንጣዎቻችን ግን በመቀየሪያው አየር ማረፊያ ቀርተው አልመጡም። የሻንጣ ማመልከቻ ለመሙላት በተሰለፍኩበት ጊዜ ትንሿ ልጄ ደጋግማ «መርከቡ ይጠብቀናል አይደል?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም አዎን እያልኳት ሰዓቴን አያለሁ። ወደቡ የደረስነው የመሳፈሪያው መዝገብ ሊዘጋ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሻንጣዎቹ ያገኙን በአራተኛው ቀን፣ በሌላ ወደብ ነው። እስከዚያ ድረስ አራታችንም ከመርከቡ ሱቅ በገዛነው ካናቴራ ከረምን። አባትዎ የየቀን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን በደንብ ያስቡበት፤ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ስለዚህ በዋዜማው ይግቡ። መርከቡ 11 ሰዓት ይነሣል ከተባለ መዝገቡ የሚዘጋው ከዚያ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ነው፤ ለዘገየ ሰው ደግሞ መርከብ አይጠብቅም። ማደሪያችሁ ሮም ይሁን ወይስ ቺቪታቬኪያ ለሚለው እኔ ቺቪታቬኪያን እመርጣለሁ፤ ጠዋት ተነሥታችሁ ሳትቸኩሉ ቁርስ በልታችሁ ወደቡን እያያችሁ ትሄዳላችሁ።

ሌላው የወላጆችዎ ቪዛ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ከሆነ፣ መርከቡ በመሃል ቱርክ ወይም ቱኒዚያ የሚገባ ከሆነ ከሼንገን ክልል (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥተው ተመልሰው ገቡ ማለት ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ለዚህ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። መርከቡ የሚነካቸውን ወደቦች ዝርዝር ከማመልከቻው ጋር አያይዘው ያቅርቡ።

መልስ፦ የደለስ ሠራተኛ

እኔ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር በመግፋት ሥራ ላይ ነኝ፤ ወላጆቻቸውን የሚቀበሉ ወገኖቼን በየቀኑ ስለማይ ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልቻልኩም። አባትዎ በከዘራ መራመድ ስለሚችሉ «ወንበር አያስፈልገኝም» ይሉ ይሆናል። የኛ አባቶች ሲባል እንዲህ ናቸው፤ ወንበሩን እንደ ውርደት ያዩታል። እርስዎ ግን አስመዝግቡላቸው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሰጠው እርዳታ ያለ ክፍያ ሲሆን፣ የሚጠበቅብዎት ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ማሳወቅ ብቻ ነው። ከአውሮፕላኑ በር አንሥቶ በፓስፖርት ቁጥጥርና በሻንጣ መቀበያ በኩል እስከ መውጫው ድረስ አንድ ሰው አብሯቸው ይሆናል። ቋንቋ ለማይችሉ ወላጆች ከወንበሩ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው አብሯቸው የሚሆን ሰው ነው። የመርከብ ድርጅቶችም ለመሳፈሪያና ለመውረጃ ተመሳሳይ እርዳታ ስለሚሰጡ፣ አሁኑኑ ጥያቄውን ያስገቡ።

በአንድ ነገር ግን ከላይ ከጻፉት በመጠኑ እለያለሁ። ባቡሩ ለአረጋውያን ፈጽሞ አይሆንም ማለት አይቻልም። በጣልያን ጣቢያዎች ሳላ ብሉ የሚባል የነፃ እርዳታ አለ፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ካስመዘገቡ ሠራተኞቹ ከመሳፈሪያው ተቀብለው ባቡሩ ላይ ያስቀምጧቸዋል። እናቴን በዚህ መንገድ ይዤአቸው ሄጃለሁ፤ በመስኮት ባሕሩን እያዩ ነው የሄዱት፣ እስከ ዛሬም ያነሡታል። የእርስዎ ችግር አባትዎ ሳይሆኑ አራቱ ሻንጣዎች ናቸው። ሻንጣውን ወደ ሁለት መቀነስ ከቻሉ ባቡሩን ያስቡበት።

ጠያቂዋ፦ ተጓዥ ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በረራዬን ወደ 8፡10 ለውጬዋለሁ፤ የጨመርኩት ገንዘብ ከፈራሁት ያነሰ ነው። በዋዜማው ገብተን ቺቪታቬኪያ ለማደር ወስኛለሁ። ለቪዛው ማመልከቻም መርከባችን ቱርክ ውስጥ ኩሻዳሲ ወደብ እንደሚገባ ስላላሰብኩት፣ ያን ባትነግሩኝ ኖሮ ወላጆቼ መንገድ ላይ ሊቀሩ ነበር። የሻንጣው ነገር ግን እናቴን ማሳመን አይሆንልኝም፤ ለዘመድ የሚሰጥ በርበሬና ሽሮ ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ከነሹፌሩ የሚከራይ መኪና ልያዝ ነው። የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? እኔ ከበረርኩ በኋላስ ወላጆቼ እስከ ማታ የት ይቆዩ?

መልስ፦ ሃያ ዓመት በሮም

ጥሩ ወስነዋል። አስቀድሞ የሚያዝ መኪና ከፊውሚቺኖ እስከ ወደቡ ከ100 ዩሮ በላይ ነው፤ ሦስት ሰውና አራት ሻንጣ ስለሚይዝ ሰፊውን ቫን ይጠይቁ፤ ዋጋውም በመኪና እንጂ በሰው የሚቆጠር አለመሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። በመመለሻው ቀን ሹፌሩ በስንት ሰዓት እንዲቆም ሲነግሩት መርከቡ የሚደርስበትን ሳይሆን እናንተ የምትወርዱበትን ሰዓት ይንገሩት፤ አለበለዚያ የሚጠብቅበትን ያስከፍልዎታል። ወደ ሮም ከተማ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ከፊውሚቺኖ የሮምን መሃል እስከከበበው ጥንታዊ የአውሬሊያን ግንብ ውስጥ ድረስ የነጩ ታክሲ ዋጋ 55 ዩሮ ሆኖ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ሻንጣም ቢኖር አይጨመርበትም። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚላችሁን ሰው አትከተሉት።

ወላጆችዎን በተመለከተ፣ የበረራቸው መመዝገቢያ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ስለሚከፈት እስከዚያ ሻንጣቸውን የሚቀበላቸው የለም። በተርሚናል 3 በክፍያ ሻንጣ የሚያስቀምጥ ቢሮ አለ። ከተርሚናሎቹ ጋር በመተላለፊያ የተያያዘ ሆቴልም ስላለ፣ ለቀን ብቻ ክፍል የሚያከራዩ መሆናቸውን ጠይቀው ቢይዙላቸው፣ አባትዎ ጋደም ብለው እናትዎም ቡናቸውን ጠጥተው ማታ ሳይደክሙ ይሄዳሉ። ወደ ከተማ ተመልሰው ይዋሉ የሚለውን እኔ አልመክርም። ሮምን ማየት ከፈለጉ በመምጫው አንድ ቀን ይጨምሩና ሦስታችሁም አብራችሁ እዩአት፤ አባትዎ ታሪክ የሚወዱ ከሆነ ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለውን አደባባይ ያሳዩአቸው። ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው፤ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ለነሧቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ የተሰየመ ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ጣልያን ውስጥ የባቡር አድማ የተለመደ ስለሆነ፣ «ሾፔሮ» የሚል ቃል ጣቢያው ውስጥ ካያችሁ አድማ ማለት ነው፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የሚሄዱ የክልል ባቡሮች ግን በሕግ ስለሚጠበቁ አይቋረጡም። ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ትኬቱ ላይ 22፡40 ተብሎ ቢጻፍ አባትዎ ከምሽቱ 4፡40 መሆኑን ወዲያው ላይረዱት ይችላሉ። እርስዎ ቀድመው ስለሚበሩ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የበረራውን ቁጥር፣ የፈረንጁን ሰዓትና አጠገቡ የእኛን ሰዓት በትልቁ ጽፈው አንዱን ለአባትዎ በኪሳቸው፣ አንዱን ለእናትዎ በቦርሳቸው ይስጧቸው። ከሥሩም በጣልያንኛ «ተሽከርካሪ ወንበር አስመዝግበናል» የሚል መስመር ልጽፍልዎት እችላለሁ፤ ቀኑ ሲቃረብ እዚሁ ያስታውሱኝ።